የታሪካዊ ቤቶች ፎቶ በምን ወረቀት፣ በምን ቀለም ይታተም? ለቅርስ ባለሥልጣንና ለባህል ቢሮዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለ፦ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ለ፦ የክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ታሪካዊ ቤቶችና ሕንጻዎች የሚመዘገቡበት የፎቶግራፍ ሕትመት መመዘኛ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

አንድ ታሪካዊ ቤት ሊፈርስ ወይም ሊታደስ ሲል በመዝገቡ ላይ «ፎቶግራፍ ተነስቶ ይያያዝ» ተብሎ ይጻፋል። ትእዛዙ መልካም ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ፎቶው በምን ወረቀት፣ በምን ቀለም፣ በምን መጠን እንደሚታተም፣ ጀርባው ላይ ምን በምን እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚቀመጥ አይናገርም። ስለዚህ ሥራውን የያዘው ሰው የቀረበው ፎቶ ቤት ገብቶ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያሳትማል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር አያይዞ ክላሰር ውስጥ ይከታል። እንዲህ የተዘጋጀ ፎቶ በጥቂት ዓመታት መደብዘዝ ይጀምራል። ቤቱ ደግሞ ያኔ የለም፤ ተመልሶ ሊነሳ አይችልም።

እኛ በፎቶግራፍ ሕትመት፣ በመዛግብት አያያዝና በሕንጻ ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከጥቂት ገጾች የማይበልጥ፣ በጨረታ ሰነድና በውል ላይ ሊጠቀስ የሚችል፣ ተረካቢው ኮሚቴም በቀላል መሣሪያ ሊፈትሸው የሚችል የሕትመት መመዘኛ አውጡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። የምዝገባው ማስረጃ ከቤቱ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ግን የአዋጁ ዓላማ ግቡን አይመታም።

ጊዜው አይጠብቅም። የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳን ጨምሮ የቆዩ ሰፈሮች መልክ በፍጥነት ተለውጧል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን በጥር 2007 ዓ.ም. የጎዳው እሳት ደግሞ ለመፍረስ ያልታሰበ ቤትም በአንድ ቀን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። የትኛው ቤት ይፍረስ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ክርክር የራሱ መድረክ አለው። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው በሁለቱም በኩል ያሉ ሰዎች ሊስማሙበት የሚገባውን ነው።

«ፋይሉ በኮምፒውተር ካለ ሕትመት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ፋይል የሚኖረው በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክ የሚገለብጠው ሰው፣ በጀትና የሚከፍተው ፕሮግራም ሲኖር ነው። ከእነዚህ አንዱ ለጥቂት ዓመታት ቢቋረጥ ሙሉው ስብስብ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲጠፋም ቀስ እያለ አይደበዝዝም፣ በአንዴ ነው የሚሄደው። በደንብ የታተመ ፎቶ ደረቅ ሳጥን ብቻ ይበቃዋል። ሁለቱም ይያዙ ነው የምንለው።

ሌሎች አገሮች ይህን ሥራ ከጀመሩ ቆይተዋል። አሜሪካ ታሪካዊ ሕንጻዎቿን በፎቶና በንድፍ የመመዝገብ መርሐ ግብር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥራ ነው። ስብስቡ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መርሐ ግብሩ የሚጠይቀው ቢያንስ 4 በ5 ኢንች የሆነ ጥቁርና ነጭ ፊልምና በፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልተለበጠበት የጨለማ ክፍል ወረቀት) ላይ የታተመ ፎቶ ሲሆን፣ ቁሳቁሱ 500 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው። ለብሔራዊ የቅርስ መዝገባቸው የሚቀርብ የዲጂታል ፎቶ ሕትመት ግን ለ75 ዓመት እንዲበቃ ነው የተጠየቀው። ከዚህ የምንወስደው ቁጥሮቹን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ሁለት ደረጃ አበጁ፤ ለእያንዳንዱም ወረቀቱንና ቀለሙን በጽሑፍ ወሰኑ።

ለእኛም ሁለት ደረጃ ይበቃናል። በአገር አቀፍ ደረጃ ለተመዘገቡና ሙሉ በሙሉ ለሚፈርሱ ታሪካዊ ቤቶች ዋና ዋናዎቹ ፎቶዎች በጨለማ ክፍል በፋይበር ወረቀት ላይ ይታጠቡ፤ የቀሩት በፒግመንት (ጠጣር ቅንጣት ባለው የማተሚያ ቀለም) ይታተሙ። ለሌሎቹ ቤቶች ሁሉ የፒግመንት ሕትመት ብቻ ይበቃል። ትልቅ ፊልም በአገር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። በሁሉም ቤት ላይ ብንጠይቅ መመዘኛው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለ ማንሳቱ ባጭሩ እንናገር፤ መጥፎ ፎቶን ጥሩ ወረቀት አያድነውም። ለአንድ መካከለኛ ቤት ከ20 እስከ 40 ፎቶ ይበቃል፦ አራቱ ፊቶች ከፊት ለፊት፣ ሁለት ማዕዘኖች በሰያፍ፣ ቤቱ ከነመንገዱና ከነጎረቤቱ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ተቃራኒ ማዕዘን፣ ከዚያም ዝርዝሩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዝርዝሩ ነው። የበረንዳው ጣውላ ከምሰሶው የተጋጠመበት፣ የመስኮቱ ማጠፊያ፣ ከአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ፣ ልስኑ ወድቆ ጭቃውና ጭዱ ወይም ድንጋዩ የታየበት ቦታ፣ በላይ በላዩ የተቀባው ቀለም በየድርቡ፤ ቤቱን እንደገና ለመሥራት ወይም ለማጥናት የሚፈልግ ሰው የሚመለከተው እነዚህን ነው። በየፊቱ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ የ1 ሜትር እንጨት ግድግዳውን አስጠግቶ ማቆም፣ በአንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ የቀለም መለኪያ ካርድ ማስገባት ያስፈልጋል። ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይሁን፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ትይዩ። ካሜራ ወደ ላይ ሲቀና የቤቱ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በኮምፒውተር ማቃናት ቢቻልም ዋጋ አለው፤ የላይኛው ክፍል ተለጥጦ ዝርዝሩን ያጣል።

ብርሃንን በተመለከተ ከውጭ የመጡ መመሪያዎች የማይነግሩን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ከአናታችን በስተሰሜን ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ የቤት ፊት በበጋ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ነው። በግንቦት ጠዋት ግን ሰያፍ ብርሃን ያገኛል፤ የእንጨት ቅርጽና የድንጋይ ግንብ ጎልቶ የሚወጣውም ያኔ ነው። ቤቱ በኅዳር የሚፈርስ ከሆነ ግንቦትን መጠበቅ አይቻልም። ያኔ ሰማዩ በደመና የተሸፈነበትን ሰዓት መምረጥ ይሻላል። ሰፊ በረንዳ ያላቸው የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በቀትር ፈጽሞ መነሳት የለባቸውም፤ ጣሪያው ያበራል፣ ከበረንዳው በታች ያለው በርና መስኮት ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሕትመቱ መጠን 20 በ25 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 8 በ10 ኢንች ይሁን። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ይህ 2400 በ3000 ነጥብ ይጠይቃል፤ ፎቶው ተቆርጦና ተቃንቶ ካለቀ በኋላ ከዚህ ማነስ የለበትም። ያነሰውን በፕሮግራም አሳድጎ ማቅረብ የሌለ ዝርዝር መፍጠር ነው፤ በማስረጃ ላይ ይህ አይፈቀድ። በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጭ ጠርዝ ይተው፤ እጅ የሚይዘው፣ ጥፋት መጀመሪያ የሚያገኘውም ጠርዙን ስለሆነ።

በቀለም ረገድ ትልቁ ልዩነት በዳይና በፒግመንት መካከል ያለው ነው። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ለብርሃንና በአየር ውስጥ ላለው ኦዞን ብቻውን ይጋለጣል። ፒግመንት ጠጣር ቅንጣት ነው፤ ላዩ ቢጎዳ እንኳ ውስጡ ይቀራል። በፎቶ ቤቶች ውስጥ የተለመዱት ባለ ስድስት ቀለም የታንክ ማተሚያዎች፣ ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800፣ በዳይ የሚሠሩ ናቸው። ለሠርግና ለልደት ፎቶ ጥሩ ያትማሉ፤ ለመዝገብ ግን አልተሠሩም። ታንኩ ስሙ ባልታወቀ ቀለም ሲሞላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የአንድ ሕትመት ዕድሜ የሚለካው በቀለሙና በወረቀቱ ጥምረት ነው፤ ቀለሙ ሲቀየር አምራቹ ስለ ወረቀቱ የተናገረው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከፒግመንቶቹም መካከል ከካርቦን የሚሠራው ጥቁርና ግራጫ ከሁሉ የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ የቤቱ ፊቶችና የክፍሎቹ ፎቶ በማተሚያው የጥቁርና ነጭ ስልት ይታተም። ቀለሙ ራሱ ማስረጃ የሆነበት፣ የግድግዳ ሥዕል፣ የቀለም ድርብ፣ የጡብና የድንጋይ ዓይነት፣ በተጨማሪ በቀለም ይታተም። ሁሉንም በቀለም ብቻ ማተም የተለመደ ሆኗል፤ እኛ ግን ስህተት ነው እንላለን።

ወረቀቱ 100 በመቶ ጥጥ ወይም አልፋ ሴሉሎስ (የጸዳ የእንጨት ቃጫ)፣ ከአሲድና ከሊግኒን (ወረቀትን ከሚያቢጨው የእንጨት ንጥረ ነገር) ነጻ፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ250 ግራም ያላነሰ፣ ማንጪያ ኬሚካል ያልተጨመረበት ይሁን። ማንጪያው ወረቀቱን ዛሬ ብሩህ ያደርገዋል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ግን ወረቀቱ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ የፎቶው ሚዛንም አብሮ ይዛባል። በሁለቱም ፊቱ ስስ ፕላስቲክ የተለበጠው የተለመደው አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ለመዝገብ አይሁን፤ ብርሃን ሲያገኘው ፕላስቲኩ ሊሰነጠቅ፣ በጨለማ ክፍል ሲታጠብም ምስሉን የሠራው የብር ማዕድን ሊዝግ ይችላል።

በማሽን የሚታጠበው የቀለም ፎቶስ? እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ የቀረውን የቤተሰብ አልበም ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። ብዙዎቹ ቀልተዋል። አልበሙ ተዘግቶ ቢቀመጥም እንኳ ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ በጨለማ ውስጥ ስለሚፈርስ ነው። የዛሬዎቹ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም ለብቸኛ ማስረጃነት አይመረጡም። በአንጻሩ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹን የመሰሉ ባለሙያዎች ካነሷቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ዛሬም በግልጽ የሚነበቡ አሉ።

በማተም ጊዜ ብዙ ነገር የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። ማተሚያው ለቀናት ቆሞ ከነበረ ቀለም የሚረጭበት አፉ ይደፈናል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የአፍ ፍተሻ ሕትመት ይውጣ፤ አንድ መስመር ከጎደለ ይጽዳ። መብራት ጠፍቶ በመሐል የተቋረጠ ሕትመት እንደገና ሲቀጥል መስመር ይተዋል፤ ያ ሉክ ይጣል እንጂ አይቅረብ። ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም። ፎቶው ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት በንጹህ ወረቀት መካከል ይድረቅ፤ ቶሎ ወደ ፕላስቲክ ከገባ በቀለሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተኖ መውጫ ስለሚያጣ ጉም የመሰለ ነገር ይጥላል።

በጨለማ ክፍል የሚታጠበውን በተመለከተ ደግሞ ዕድሜውን የሚወስነው ምስሉን ከሚያወጣው ዲቨሎፐር ይልቅ ብርሃን ያልነካውን ብር አስወግዶ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰርና የማጠቢያው ውኃ ነው። ያረጀ ፊክሰር ከብር ጋር የተሳሰሩ ውህዶችን በወረቀቱ ውስጥ ይተዋል፤ እነዚህ ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠቡ አይወጡም። ስለዚህ ፊክሰሩ በሁለት ዕቃ ይሁን። ፎቶው በመጀመሪያው ግማሽ ጊዜውን፣ በሁለተኛው የቀረውን ይቆይ። አንድ ሊትር 20 በ25 የሆነ ፋይበር ፎቶ 40 ያህል ካስተናገደ በኋላ የመጀመሪያው ይደፋ፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይምጣ፣ አዲስ ከኋላ ይበጅ። በአንድ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ሰው ለዚህ ጥራት በሊትር ከ10 ፎቶ ማለፍ የለበትም። ፈጣን ፊክሰር 1 ለ 4 ተበጥብጦ ለፋይበር ወረቀት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ማቆየት አይጠቅምም፤ ኬሚካሉ ወደ ወረቀቱ ቃጫ ጠልቆ ስለሚገባ የውኃውን ሥራ ያረዝማል።

ከፊክሰር በኋላ በቀጥታ ውኃ ብቻ ከሆነ አንድ ሰዓት የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አይታሰብም። መፍትሔው የሃይፖ (በወረቀቱ ውስጥ የቀረ የፊክሰር ኬሚካል) ማስወገጃ ነው፤ በሊትር 20 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት። 5 ደቂቃ እጥበት፣ 10 ደቂቃ በሰልፋይቱ ውስጥ እያገላበጡ፣ ከዚያ የመጨረሻው እጥበት። የሚፈስ ውኃ ከሌለ በየ5 ደቂቃው ሙሉ በሙሉ የሚደፋና የሚሞላ ውኃ 12 ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ፎቶዎቹ ሳይጣበቁ አንድ በአንድ ይገላበጡ። የውኃው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ በሐምሌ የቧንቧ ውኃ ከዚህ ሲቀዘቅዝ እጥበቱ ስለሚዘገይ ትንሽ ማሞቅ ይገባል። በክረምት ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ደቃቅ አፈር ምስሉን በያዘው የራሰ ጄላቲን ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፤ 5 ማይክሮን ማጣሪያ በቧንቧው ላይ ማሰር፣ ወይም ውኃውን አጠራቅሞና አዝቅጦ መጠቀም ያስፈልጋል።

መታጠቡን ዓይን አያውቀውም፤ በፍተሻ ብቻ ይታወቃል። 750 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 28 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ 125 ሚሊ ሊትር፣ ሲልቨር ናይትሬት 7.5 ግራም ተቀላቅሎ ውኃ ተጨምሮ 1 ሊትር ይሞላል፤ ለአንድ ቤት ሥራ የዚህ ሩብ ከበቂ በላይ ነው። በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ቆዳን ስለሚያጠቁር በጓንት ይያዝ። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ፎቶ ነጭ ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ ተደርጎ ከ2 ደቂቃ በኋላ ይታያል። የቀረው ነጠብጣብ ከገረጣ ክሬም የጠቆረ ከሆነ ሃይፖ አለ ማለት ነው፤ ዙሩ በሙሉ እንደገና ይታጠብ። ፊክሰሩ በቂ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ 2 ግራም ሶዲየም ሰልፋይድ በ125 ሚሊ ሊትር ውኃ ሟሙቶ፣ ለሥራ 1 ለ 9 ቀጥኖ በጠርዙ ላይ ይንጠባጠባል። ቢጫ ካሳየ ያልወጣ ብር አለ፤ ያኔ ውኃ ሳይሆን አዲስ ፊክሰር ነው የሚያስፈልገው። ይህ ኬሚካል መጥፎ ሽታ ስላለው አየር ባለበት ቦታ፣ ከፎቶ ወረቀት ርቆ ይሠራበት። ፍተሻውን ካለፈ በኋላ በሰልፋይድ ቶነር መንከር የብሩን ምስል ከአየር ብክለት ይከላከላል። የሴሌኒየም ቶነርም የተለመደ ነው፤ በጣም ሲቀጥን ግን መከላከያነቱ ይደክማል።

አሁን ወደ ቢሮ እንምጣ፤ ብዙ ጥሩ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ክብ ማኅተም በፎቶ ጀርባ ላይ አይመታ። የማኅተሙ ቀለም ዳይ ነው፤ ከጀርባ ወደ ፊት ይሰርጻል፣ ከላይ ያለው ፎቶ ላይም ይታተማል። ማኅተሙ በሽፋን ወረቀቱና በፎቶዎቹ ዝርዝር ላይ ይሁን፤ ሕጋዊነቱ አይቀንስም። እስክሪብቶም አይነካው፤ ጫናው በፊት በኩል ጎርብጦ ይታያል። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም 4ቢ፣ በጠርዙ ጀርባ በኩል፣ ፎቶው ጠንካራ ንጹህ ነገር ላይ ተደግፎ ይጻፍበት። ስቴፕለር፣ ክሊፕ፣ ፕላስተርና የጎማ ላስቲክ ይቅር። ላሚኔት ማድረግማ ፎቶውን ለዘለዓለም ማጣት ነው፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ፎቶውን ሳይቀድ አይላቀቅም።

በጀርባው የሚጻፈው አጭር ይሁን፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የፎቶ ቁጥር፣ የቤቱ ስም፣ ካሜራው የተመለከተበት አቅጣጫ፣ ቀን። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። «2005» ብቻ የተጻፈበት ፎቶ የ2005 ዓ.ም. ይሁን የ2005 እ.ኤ.አ. ማወቅ አይቻልም፤ በመሐከሉ ቤቱ በረንዳውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። አድራሻውም በወረዳና በቤት ቁጥር ብቻ አይወሰን። የክፍለ ከተማና የወረዳ ወሰን ሲቀየር፣ ቀበሌ ሲታጠፍ አይተናል፤ የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥብ ግን አይለወጥም። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ የወለል ንድፍ ይያያዝ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከየት ወደየት እንደተነሳ በቀስትና በቁጥር ይመልከት። ያለዚህ ንድፍ የአንድ ክፍል ጥግ ፎቶ ከሌላው ጥግ አይለይም።

ለማስቀመጫ፣ ሽታ ያለውና የሚጣበቀው የፒ.ቪ.ሲ. ኪስ ይወገድ፤ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል። አቅራቢው «ፒ.ቪ.ሲ. አይደለም» ቢል መፈተን ይቻላል፦ የመዳብ ሽቦ በእሳት ግሎ ፕላስቲኩን ይነካና ተመልሶ ወደ እሳቱ ይገባል፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ፈተናው አየር ባለበት ቦታ ይደረግ። ፖሊስተር ወይም ያልተቀባ ፖሊፕሮፒሊን ይመረጥ፤ ወይም ከአሲድና ከሊግኒን ነጻ የሆነ ፖስታ። መደርደሪያው ከቺፑድ የተሠራ አይሁን፤ ከሙጫው የሚወጣው ጋዝ የብር ምስልን ያጠቃል። ቀለም የተጋገረበት የብረት ካቢኔ ይሻላል፤ ክፍሉ አዲስ ከተቀባም ቢያንስ ለአንድ ወር ፎቶ አይግባበት። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ መነሳት ይጀምራል። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለፎቶ ጸጋ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ግን ጠላት ነው። ሳጥኖቹ ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ ከውጭ ግድግዳና ከውኃ ቧንቧ ርቀው ይቀመጡ። አንድ የእርጥበት መለኪያ ከአንድ የቢሮ ወንበር ዋጋ ያነሰ ነው።

ስለ ፋይሉ ብዙ አንልም። ሮው (ካሜራው የመዘገበው ጥሬ ፋይል) እና ባለ 16 ቢት ቲፍ (ዝርዝሩን ሳያጣ የሚቀመጥ የምስል ፋይል) ይቀመጥ፤ ጄፔግ ለመላላኪያ ብቻ ይሁን። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ የተነሳበት መረጃም ይወጣለታል፤ የግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ። የፋይሉ ስም በመዝገብ ቁጥርና በፎቶ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ በቃል ከተጻፈ አንዱ በሀ፣ ሌላው በሐ ጽፎት ፍለጋ ላይ ይጠፋል።

መመዘኛ የሚከበረው ርክክብ ላይ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ኤ4 የፎቶ ወረቀት» ብቻ ከተጻፈ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ በሕጉ መሠረት ማሸነፉም ተገቢ ነው። ስለዚህ ሰነዱ የምርት ስም ሳይጠቅስ ባሕርዩን ይዘርዝር፦ ጥጥ ወይም አልፋ ሴሉሎስ፣ ማንጪያ የሌለው፣ ፒግመንት ቀለም፣ የማተሚያው አምራች ራሱ ያቀረበው። ተረካቢው ኮሚቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር በግማሽ ሰዓት ይፈትሻል። ባንኮችና ሱቆች የብር ኖት በሚፈትሹበት አልትራቫዮሌት መብራት ወረቀቱን በጨለማ ማየት፤ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ማንጪያ አለው። በዚያው ማተሚያ በተራ ወረቀት ላይ አሳትሞ ከደረቀ በኋላ ጠብታ ውኃ ማድረግ፤ ዳይ አብዛኛውን ጊዜ ይፈሳል፣ ፒግመንት ይቆማል። በመጨረሻም ፎቶዎቹን ከወለል ንድፉ ቀስቶች ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር። ጊዜ ካለ ከማተሚያው የወጣ ናሙና ግማሹ በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለአንድ ወር ይለጠፍ፤ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል በዓይን የሚለይ ልዩነት ከታየ ያ ጥምረት ለመዝገብ አይበቃም።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ። ባለሥልጣኑ ይህን መመዘኛ በመመሪያ መልክ ያውጣ። የከተማና የክልል ቢሮዎች ታሪካዊ ቤት እንዲፈርስ ወይም እንዲለወጥ የሚሰጥ ፈቃድ ከመጽናቱ በፊት በመመዘኛው መሠረት የተሠራ ሙሉ የፎቶ ስብስብ መረከባቸውን በፊርማ ያረጋግጡ። ወጪው የግንባታው ወይም የልማቱ በጀት አካል ይሁን። እያንዳንዱ ስብስብ በሦስት ቅጂ ታትሞ አንዱ በባለሥልጣኑ፣ አንዱ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ አንዱ በከተማው ወይም በክልሉ ቢሮ፣ በተለያየ ሕንጻ ውስጥ ይቀመጥ። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ፖስታው ከውጭ ስለሚመጣ በየቢሮው በጥቂት በጥቂቱ ከመግዛት ይልቅ በአንድ ግዢ ለሁሉም ቢገዛ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጥራቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። ረቂቁን ለማዘጋጀት፣ ተረካቢ ኮሚቴዎችን በፍተሻው ላይ ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ግን ዛሬውኑ ሊጀመር የሚገባ ሥራ አለ። በየቢሮው ክላሰር ውስጥ አሁን የሌሉ ቤቶች ፎቶ ተቀምጧል፤ ብዙው በዳይ የታተመ ወይም በማሽን የታጠበ የቀለም ፎቶ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ኔጋቲቩ ወይም ፋይሉ ለጠፋው ነው። ስቴፕሉ በጥንቃቄ ይነቀል፤ ፎቶው ቢያንስ በኢንች 600 ነጥብ ስካን ይደረግ፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ወይም ማኅተም ካለ ጀርባውም እንዲሁ። የሚያጣብቅ አልበም ላይ ያለ ፎቶ በጉልበት አይላቀቅ፤ ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከሥሩ ቀስ ተደርጎ ይሳብ፤ አልለቅ ካለ ገጹ እንዳለ ስካን ይደረግ። ከዚያ በፒግመንት ታትሞ ዋናውም ቅጂውም በተለያየ ፖስታ ይቀመጥ።

ከሰላምታ ጋር
በፎቶግራፍ ሕትመት፣ በመዛግብት አያያዝና በሕንጻ ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም